ለቤታችሁ የትኛው ካሜራ ይሻላል? ባለ ገመድ፣ ዋይፋይ ወይስ ባለ ሲም

እናቴ ቤት ሌባ የገባ ሌሊት ካሜራው እየሠራ ነበር። ቀረጻውም ተገኘ። ሰውየው በጎን ባለው አጥር ዘሎ ገባ፣ የውኃ ፓምፑን ፈታ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ተሸክሞ በዋናው በር ወጣ። ሃያ ደቂቃ ያህል ግቢው ውስጥ ቆይቷል። ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ ያገኘነው ግን ኮፍያውን ብቻ ነው። ካሜራው ከጣሪያው ጫፍ ሥር አራት ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተሰቀለ የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነበር። ጣቢያ ይዘን ስንሄድ ፖሊሱ ሁለቴ አየውና "ፊቱ የታለ?" አለን።

ከዚያ ወዲህ የእናቴን፣ የእህቴንና የሁለት ጎረቤቶቻችንን ቤት ካሜራ ሲገጠም ከጎን ሆኜ ተከታትያለሁ። አንዳንዱን ራሴ ገጥሜያለሁ። ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚያነሱት "ስንት ሜጋፒክስል ይሻላል?" የሚለውን ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የሰውን ፊት የት ቦታ ላይ ማየት ነው የምትፈልጉት? ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይስ የኪራይ? መብራት ሲሄድስ ምን ልታደርጉ አስባችኋል? የሜጋፒክስሉ ነገር ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

ገበያው ላይ ያሉትን አማራጮች በአራት ከፍዬ ላሳያችሁ።

አናሎግ ካሜራ ከዲቪአር ጋር

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ግቢዎች የምታዩት ይኼን ነው። ከእያንዳንዱ ካሜራ ኮአክሲያል ኬብል ይነሳና ቤት ውስጥ ወዳለ ዲቪአር ይገባል። ዲቪአሩ ውስጥ ሃርድ ዲስክ አለ፤ ቀረጻው እዚያ ይቀመጣል። አናሎግ የሚለው ስም አያስደንግጣችሁ። የድሮው ብዥ ያለ ምስል ቀርቷል። አሁን ያሉት ቲቪአይ፣ ሲቪአይና ኤኤችዲ የሚባሉት ዓይነቶች 1080ፒ እና ከዚያም በላይ ጥራት ይሰጣሉ።

ከባለ ገመዶቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይቀርጻል። ኬብሉ ሩቅ ይሄዳል፤ 200 ሜትር ለሱ ችግር አይደለም። ሰፈር ውስጥ ያለ ማንኛውም ገጣሚም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ሲበላሽ የሚጠግን አይጠፋም።

ችግሩ እያንዳንዱ ካሜራ ከምስሉ ኬብል ሌላ የ12 ቮልት የኃይል ገመድ መፈለጉ ነው። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርዳል። ምልክቱን ልብ በሉ፦ ካሜራው ቀን ቀን ደህና ይሠራል፣ ማታ ኢንፍራሬዱ (ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ሲበራ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ኢንፍራሬዱ ተጨማሪ ኃይል ይስባል፣ ገመዱ ደግሞ ያን ማድረስ ያቅተዋል። ብዙ ሰው "ካሜራው ተቃጠለ" ተብሎ አዲስ ገዝቷል። አዲሱም ማታ ማታ ያው ይሆናል። ካሜራ ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱንና ፓወር ሰፕላዩን አስፈትሹ።

ሁለተኛው የክረምቱ ጉዳይ ነው። ቢኤንሲ የሚባለው ማያያዣ ሜዳ ላይ ከተንጠለጠለ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ ይገባዋል። ከካሜራው ጀርባ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አስመቱና ማያያዣው እዚያ ውስጥ ይደበቅ።

አይፒ ካሜራ ከኤንቪአር ጋር

አይፒ ካሜራ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ምስሉን እዚያው ጨምቆ በኔትወርክ ኬብል ኤንቪአር ወደሚባለው የራሱ መቅረጫ ይልካል። ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ኃይሉም ምስሉም በአንድ ኬብል ይሄዳል። ካሜራው አጠገብ ሶኬት አያስፈልግም። የቮልት መውረዱም ችግር በእጅጉ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ፒኦኢ የሚልከው 48 ቮልት አካባቢ ነው። ገደቡ ርቀት ነው፤ አንድ ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ለመኖሪያ ግቢ ግን 100 ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

ዋጋው ከአናሎግ ይወደዳል። በምትኩ ባለ 4 እና ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ሰውን ከድመትና ከሚወዛወዝ ቅጠል የሚለዩ ካሜራዎችም በብዛት እዚህ ወገን ናቸው። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። በሌሊት አርባ ጊዜ የሚጮህ ስልክ በሳምንቱ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ እውነተኛ ሌባ ቢመጣም የሚሰማ የለም።

ቤት እየሠራችሁ ላላችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ አይፒ አስገቡ። ካሜራውን አሁን ለመግዛት ገንዘብ ባይኖራችሁም ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ኮንዲዩቱን አስቀብሩ። ለግቢ በሩ፣ ለአራቱም ማዕዘን፣ ለጋራዡና ለጓሮ በር። ያኔ የምታወጡት ለፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው። በኋላ ግን ቀለም የተቀባ ግድግዳ ማስፈልፈል ይመጣል።

ድሮ የተገጠመ አናሎግ ያላችሁ ሁሉን ነቅላችሁ መጣል የለባችሁም። ኤክስቪአር የሚባለው መቅረጫ አናሎጉንም አይፒውንም አንድ ላይ ይቀበላል። እናቴ ቤት ያደረግነው ይኼንኑ ነው። የጓሮዎቹን ሦስት አሮጌ ካሜራዎች ትተን በር ላይ አንድ ጥሩ አይፒ ጨመርን።

ዋይፋይ ካሜራ

ለኮንዶሚኒየምና ለተከራይ ሰው የምመርጠው ይኼን ነው። ግድግዳ መብሳት የለም፣ ከአከራይ ጋር ጭቅጭቅ የለም፣ ስትለቁ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ታፖ፣ ኢዝቪዝና ኢሙ በዚህ በኩል የታወቁ ናቸው። ታፖ የቲፒ ሊንክ ነው። ኢዝቪዝ ከሂክቪዥን፣ ኢሙ ደግሞ ከዳሁዋ ቤት የወጡ ናቸው። ሁለቱም ኩባንያዎች የቻይናዋ ሃንግዡ ከተማ ልጆች ናቸው።

ገመድ አልባ ሲባል ግን ሰው ይሳሳታል። የምስል ገመድ የለውም እንጂ አብዛኛው የኃይል ገመድ አለው። ባለ ባትሪ ካልሆነ ሶኬት በሌለበት አይሠራም። ርካሾቹ በአብዛኛው የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተራችሁ 2.4ቱንና 5 ጊጋኸርዙን በአንድ ስም እየላከ ከሆነ ካሜራው መጀመሪያ ሲገናኝ አሻፈረኝ ሊል ይችላል፤ ስማቸውን ለዩት። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ደግሞ ዋይፋይ ይበላል። ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ስልካችሁን ይዛችሁ ቁሙና ሲግናሉን እዩት። ስልኩ ላይ ደካማ ከሆነ ካሜራው ላይም አይጠነክርም።

ቀረጻው በአብዛኛው የሚቀመጠው ካሜራው ውስጥ ባለ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ይኼ ትልቁ ድክመቱ ነው፤ ካሜራውን ነቅሎ የወሰደ ሰው ማስረጃውንም ይዞ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ካሜራን ከውጭ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ አልሰቅልም። ቤት ውስጥ ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጥ። ወይም ኦንቪፍ የሚባለውን (የተለያየ ኩባንያ ካሜራና መቅረጫ የሚግባቡበትን መስፈርት) የሚደግፍ ገዝታችሁ ከኤንቪአር ጋር አገናኙት።

ካርዱንም ነገር አደራ። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት የተጻፈበት ውስጡ ግን 8 ብቻ የሆነ ፌክ ካርድ በገበያው ሞልቷል። ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ እስኪሞላ ፋይል ጫኑበት፣ ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱት። የኋለኞቹ ፋይሎች አልከፈት ካሉ መልሱት። ስትገዙም ሃይ ኢንዱራንስ የሚል የተጻፈበትን ምረጡ፤ ቀንና ሌሊት መጻፍን ታስቦ የተሠራ ነው።

ባለ ሲም እና ሶላር

መብራትም ዋይፋይም ለሌለበት ቦታ ነው። ገና በጅምር ላይ ያለ ሳይት፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ፣ የእርሻ ማሳ። ሲም ካርድ ይገባዋል፣ ባትሪውን ፀሐይ ትሞላለች። ውጭ አገር ሆነው እዚህ ቤት የሚያሠሩ ወገኖች ብረትና ሲሚንቶአቸውን ለመጠበቅ የሚጠይቁኝ ይኼን ነው።

ለዚያ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚሰጠውን እወቁ። ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚያድረው። የሰው ሙቀት ሲሰማው ይነቃና ጥቂት ሰከንድ ቀርጾ ተመልሶ ይተኛል። እስኪነቃ ድረስ ሰውየው አልፎ ጀርባው ብቻ ሊቀረጽ ይችላል። ክረምት ላይ ደመናው ለቀናት ሲቆይ ባትሪው ይደክማል። የዳታውም ወጪ አለ፤ በሰከንድ 512 ኪሎቢት በሚልክ ጥራት አንድ ሰዓት በቀጥታ ማየት 230 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በ2 ሜጋቢት ከሆነ 900 ሜጋባይት ይደርሳል። መብራት ላለበት መኖሪያ ቤት ይኼን ዓይነት አልመክርም።

ፊት የሚያሳየው ምንድን ነው?

እኛን የጎዳን እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የካሜራ ባለሙያዎች የሚሠሩበት መለኪያ አለ። የማታውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። የምታውቁትን ሰው "እሱ ነው" ለማለት 125 ይበቃል። ሰው መኖሩን ለማየት ብቻ ከሆነ 25 ይበቃል። ባለ 1080ፒ ካሜራ በአግድም 1920 ፒክስል አለው። በ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ምስሉ ከግራ እስከ ቀኝ ከ7.7 ሜትር በላይ ስፋት በሚይዝበት ርቀት ላይ የቆመ እንግዳ ሰው ፊቱ አይለይም።

አሁን ሌንሱን ተመልከቱ። ሻጩ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ 2.8 ሚሊሜትር ነው፤ ሰፊ ስለሚያሳይ ሱቅ ውስጥ ያምራል። በሱ ባለ 1080ፒ ካሜራ ፊት የሚለየው እስከ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ4 ሚሊሜትር ሌንስ ከ4 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ባለ 4 ሜጋፒክስል ሆኖ 4 ሚሊሜትር ሲሆን 5 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ከቤቱ ጥግ እስከ ግቢ በሩ 15 ሜትር ከሆነ የቱንም ያህል ውድ ባለ 2.8 ካሜራ ቤቱ ላይ ብትሰቅሉ በር ላይ ያለው ሰው ጥላ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ካሜራ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ግቢውን በሙሉ የሚያይ፣ ሰፊ፣ ከፍ ያለ። ሁለተኛው ሰው የግድ የሚያልፍበትን ቦታ ብቻ የሚያይ፣ ጠባብ፣ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ። በጀታችሁ ለሁለት ካሜራ ብቻ ከበቃ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ ግዙ። አራት ሰፋፊ ካሜራ ከሚኖራችሁ አንድ የበር ካሜራ ይበልጣል።

የበር ካሜራ ላይ ደብልዩዲአር መኖሩን ጠይቁ። የግቢው በር ሲከፈት ከውጭ የሚገባው ፀሐይ የሰውየውን ፊት ጥቁር ያደርገዋል፣ ይህ ነገር እሱን ያስተካክላል። ሌሊት ደግሞ ኢንፍራሬዱ አጠገቡ ካለ ነጭ ግድግዳ ላይ ተንጸባርቆ ምስሉን እንዳያነጣው ካሜራውን ከግድግዳው ትንሽ አርቁት። የሸረሪት ድርም ያው ነው፤ በየወሩ በመጥረጊያ ጫፍ ጥረጉት።

ስንት ቀን ይቀመጣል?

ሰው ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ሄዶ በአሥረኛው ቀን ይመለሳል። የጠፋውን የሚያውቀው ያኔ ነው። ቀረጻው በሰባት ቀን የሚደመሰስ ከሆነ አልቆለታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ካሜራው በሰከንድ የሚልከው እያንዳንዱ 1 ሜጋቢት በቀን 10.8 ጊጋባይት ይወስዳል። አራት ካሜራ በ2 ሜጋቢት ሲቀርጹ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ነው። 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ይይዛል፣ 2 ቴራባይት 23 ቀን። እኔ ከሁለት ሳምንት በታች አልቀበልም። ኤች.265 የሚለውን የቪዲዮ መጨመቂያ ቅንብር ብታስከፍቱ ከቀድሞው ኤች.264 ጋር ሲነጻጸር ቦታውን እስከ ግማሽ ይቆጥብላችኋል።

ዲስኩ ራሱ ለካሜራ የተሠራ ይሁን። የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል እና የሲጌት ስካይሆክ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ አስገብተው የሚሸጡ አሉ፤ ከፍታችሁ እዩት።

መብራቱ

ሌባ የሚመርጠው ጨለማን ነው። መብራት ሲሄድ የሚቆም ካሜራ በጣም የምትፈልጉት ሰዓት ላይ አይኖርም። አንድ መቅረጫና አራት ካሜራ ከ30 እስከ 40 ዋት ቢስቡ ነው። ተራው 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካው ሳጥን) ውስጥ ያለችው ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በአዲስነቷ አንድ ሰዓት ያህል ትይዛለች። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ትልቅ ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ይሻላል። ለዋይፋይ ካሜራ ደግሞ ራውተሩም ካሜራውም ሁለቱም ባትሪ ይፈልጋሉ። ራውተሩ ቢጠፋ ካሜራው ካርዱ ላይ ይቀርጻል እንጂ ስልካችሁ ላይ አይመጣም።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚደርሰው የቮልት ግርፋት መቅረጫውን ይጎዳል። ቴሌቪዥናችሁን የምትጠብቁበትን ስታቢላይዘር ለሱም አትንፈጉት።

ገጣሚው ሲመጣ

ዋጋ ስትጠይቁ ካሜራ፣ መቅረጫ፣ ዲስክ፣ ኬብልና የእጅ ዋጋ ተለያይተው ይጻፉላችሁ። በጥቅሉ "ይኼን ያህል" የሚል ዋጋ አታወዳድሩ፤ ልዩነቱ የሚደበቀው ኬብሉና ዲስኩ ውስጥ ነው።

ኬብሉን በምላጭ ፋቁት። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ይረክሳል፣ ነገር ግን ኃይል ይጥላል፣ ቶሎም ይሰበራል። ፒኦኢ ላይ በፍጹም አትቀበሉት።

አካውንቱን በራሳችሁ ስልክና ኢሜይል አስከፍቱ። እናቴ ቤት መጀመሪያ የገጠመው ሰው በራሱ ስልክ ነበር የመዘገበው። እኛ ያለነው ተጋባዥ ሆነን ነው። የማናውቀው ሰው የእናቴን ግቢ ከሁለት ዓመት በላይ ማየት ይችል ነበር። ይኼን ሳውቅ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም አልረሳውም። አድሚን የሚለው ፓስወርድም የናንተ ይሁን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን ተቆጣጥሮ ትላልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አደናቅፏል። የገባው ሰዎች ባልቀየሯቸው የፋብሪካ ፓስወርዶች ነው።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። መቅረጫው የሚያሳየው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ 20:00 ካለ በኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ጣቢያ ስትሄዱ ሁለቱንም ጽፋችሁ ውሰዱ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ 2000 የሚመለስ ከሆነ ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ትቀየር።

አንድ ነገር ከልብ እለምናችኋለሁ። ካሜራው የጎረቤትን መስኮት አይይ። ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች ካሜራ እንዳለ ንገሯት፣ የት የት እንዳለም አሳዩዋት፤ የምትተኛበትና የምትታጠብበት ቦታ ጭራሽ አይታሰብ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል፤ ለሷም ጭምር። ብዙዎቹ መቅረጫዎች የምስሉን የተወሰነ ክፍል በጥቁር መሸፈኛ መሸፈን ይችላሉ። የጎረቤቴ ካሜራ የኛን በረንዳ ያይ ነበር። ቡና ላይ ሆነን ነገርነው፣ በአምስት ደቂቃ ሸፈነው።

ገጣሚው ከመሄዱ በፊት የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ። ማታ ይምጣና አብራችሁ ፈትኑት። የውጭ መብራት አጥፉ፣ አንዳችሁ ኮፍያ አድርጋችሁ በግቢው በር ግቡ፣ ሌላችሁ ስክሪኑ ላይ ቆማችሁ እዩ። ከዚያ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉና ድገሙት። እናቴ ቤት ኮፍያውን ያደረግሁት እኔ ነበርኩ። እናቴ ስክሪኑ አጠገብ ቁጭ ብላ "አገጭህ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል" ስትል ለገጣሚው የቀረውን ብር ሰጠሁት።